ሱሱ ነው ወይስ ባሕርዩ? ለሚለው ጥያቄዎ

«ወንድሜ ሳይጠጣ ጥንቁቅ ነው፤ ሲሰክር ግን ከማያውቃት ሴት ጋር ያለ ኮንዶም ያድራል፤ ይህ ከሱሱ ነው ወይስ ከባሕርዩ?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱን ፈጽሞ መነጣጠል ያስቸግራል፤ የመጠጡ ድርሻ ግን ቀላል አይደለም። አልኮል መዘዝን አስቀድሞ የሚያመዛዝነውን የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ሥራ ስለሚያዳክም፣ ለሰከረ ሰው አጠገቡ ያለው ደስታ ጎልቶ ሲታየው የነገው ስጋት ይደበዝዝበታል። ኮንዶሙ ኪሱ ውስጥ እያለ ሳይጠቀምበት የሚያነጋውም ስለ ኤችአይቪ ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ እውቀቱ በዚያች ሰዓት ስለማይታዘዝለት ነው። ሜታምፌታሚንን የመሳሰሉ አነቃቂ ዕፆች ደግሞ የወሲብ ፍላጎትን አንረው ግንኙነቱን ስለሚያራዝሙ ስሱ የብልት ቆዳ ይላላጣል፤ ለኤችአይቪም በር ይከፈታል። ሱሱ ሲበረታ ለዕፁ መግዣ ሲሉ ገላቸውን የሚሸጡ ሰዎችም አሉ፤ እነዚህን «ልቅ» ብሎ መፈረጅ፣ በግልጽ ለመናገር፣ ግፍ ነው።

ወንድምዎ ሰሞኑን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት ከሆነ ምክሩ ይቆይና አስቀድሞ ጤና ተቋም ይሂድ። ከተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት ሲሆን (በቶሎ ሲጀመር የተሻለ ነው)፣ ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ምርመራውም አንድ ጊዜ ተደርጎ አይበቃም፤ ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ይደገማል። ስለ መጠጡ የሚያነጋግሩት ከሆነም በስካሩ ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ፣ ብቻውን ሲሆን ቢያደርጉት ይሰማዎታል ብዬ እገምታለሁ።