የወደድኩትን መስመር የት ላስቀምጠው?

ወንድሜ፣ «መጽሐፉን ስሰጥ የወደድኳቸው መስመሮች አብረው ይሄዱብኛል፤ ምን ላድርግ?» ላልከው፦ ከመስጠትህ በፊት በእጅህ ገልብጣቸው። እኔ ለዚሁ ብቻ የያዝኩት ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር የመጽሐፉን ስምና ገጹን እጽፋለሁ። ገጹን አደራ፣ በኋላ ፍለጋው ያደክማል። በስልክ ፎቶ ማንሳት ይቀላል። ልቤ ውስጥ የሚቀረው ግን በእጄ የጻፍኩት ነው።

ከዚያ መጽሐፉን ልቀቀው። ጥራዙ ከላላ መጀመሪያ አስጠርዘው፤ የእኛ የድሬዳዋ ጎረቤት ሐረር እኮ ድሮም በመጽሐፍ ጠራዦቿ የታወቀች ናት። እኔ ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ያነበብኩትን አንድ መጽሐፍ ሽፋኑ ውስጥ «አንብበህ አሳልፍ» ብዬ ሰጠሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐረር ዘመድ ቤት አገኘሁት። ከጽሑፌ ሥር ሦስት ሰዎች ስማቸውን ጽፈውበታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!