በባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ማረስን ለመልመድ ለጠየቁት ወንድማችን

ወንድሜ፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ገዝተው ፎገራ ያለውን የአባትዎን የሩዝ መሬት ራስዎ ለማረስ እንዳሰቡ፣ ሥራው በስንት ቀን እንደሚለመድና ለግዢው ማሟያ በሬዎቹን መሸጥ ይሻል እንደሆነ የጠየቁትን አንብቤያለሁ። የእኔም ኑሮ ባህር ዳር ሆኖ መሬታችን ከጉማራ ወንዝ ወዲያ ወደ ጣና በሚዘልቀው ሜዳ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት ስነዳ ስለኖርሁ ይህንንም በአንድ ቀን እለምደዋለሁ ብዬ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ይህ ግምት ያስከፈለኝን እርስዎ እንዳይከፍሉ ብዬ በዝርዝር እጽፋለሁ።

1. ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት በሁለቱ እጀታዎች ሥር ያሉትን የማዞሪያ ፍሪሲዮኖች ጠንቅቀው ይወቁ። ማሽኑ መሪ የለውም፤ ከኋላው በእግር እየተከተሉ እጀታዎቹን ይዘው ነው የሚነዱት። በደልዳላ መሬት ላይ የግራውን ሲጨብጡ የግራው ጎማ ከሞተሩ ጉልበት ይላቀቃል፣ የቀኙ ብቻውን ስለሚገፋ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ሻጩም ያሳይዎታል። ለእኔ ማንም ያላሳየኝ የቁልቁለቱን ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ጎማዎቹን መግፋቱን ትቶ ይዞ የሚያዘገያቸው ይሆናል። ስለዚህ የግራውን ሲጨብጡ የተለቀቀው የግራ ጎማ ፈጥኖ ይንከባለላል፣ የቀኙ ተይዞ ይቀራል፣ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። እጅዎ በሜዳ የለመደው ሁሉ እዚህ ይገለበጣል።

ሰኔ 18 ቀን አመሻሽ ላይ ከጠጠር መንገዱ ወደ ማሳችን የምታስገባዋን አጭር ቁልቁለት እየወረድሁ ነበር። በስተቀኜ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ አለ። ከቦዩ ልራቅ ብዬ የግራውን ጨበጥሁ፤ ማሽኑ ወደ ቦዩ ዞረ። በደንብ ያልጨበጥሁት መስሎኝ አጠበቅሁት፤ ይበልጥ ዞረ። ከ300 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በክንድ አይመለስምና እጀታውን ለቅቄ ወደ ኋላ ስዘል ማሽኑ በአፍንጫው ቦዩ ውስጥ ተደፋ። ሞተሩ ግን አልጠፋም ነበር። የአየር ማጣሪያው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ አጓራ፣ ከዚያም አንድ ደረቅ የብረት ድምፅ አሰምቶ ቀጥ አለ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ወደ ሲሊንደሩ የገባው ውሃ ቢዬላውን፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ አጣሞት ኖሯል። በማግስቱ ከጎረቤቶቻችን ጋር በገመድ ጎትተን ካወጣነው በኋላ ዘይቱን እንኳ ሳላይ ሞተሩ በእጅ እየተዞረ የሚነሳበትን ማኑቬላ ይዤ ለማስነሳት ታገልሁ፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነበር። መካኒኩ በኋላ ዘይቱን ሲያፈስሰው ወተት የበዛበት ቡና መስሎ ወረደ። ውሃ የጠጣ ሞተር ካጋጠመዎ ማኑቬላውን አይንኩት፤ አስቀድሞ ውሃውና ዘይቱ ይውጣ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ገና አፋፉ ላይ ሳለሁ በዝቅተኛው ማርሽ አስገባለሁ፣ ነዳጁን እቀንሳለሁ፣ ታች እስክደርስ ድረስም ዋናውን ፍሪሲዮን አልነካም፣ ማርሽም አልቀይርም። ማቅናት ካስፈለገኝ እጀታውን በትከሻዬ ገፋ አደርገዋለሁ እንጂ የማዞሪያ ፍሪሲዮኖቹን አልጨብጥም። እርስዎም መጀመሪያ ግራና ቀኙ ባዶ በሆነ፣ ቦይም ድንጋይም በሌለበት ለስላሳ ተዳፋት ላይ ሆን ብለው ይሞክሩትና ሲገለበጥ በእጅዎ ይወቁት። በሜዳ ላይ ቀጥ ያለ ትልም ለማውጣት እኔ 5 ቀን ፈጅቶብኛል፤ የቁልቁለቱን ልምምድ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን ይስጡት።

2. አፈሩን ሳይጨብጡ አይግቡ። የፎገራ ዋልካ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ይሆናል፣ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ በመካከል ያለችው ለሥራ የምትመች ጊዜ አጭር ናት። አባቴ በ4 ጥማዱ መሬታችን ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ስለኖሩ ይህን ያወቁት በእጃቸው ነው። ጎንበስ ብለው እፍኝ አፈር ያነሳሉ፣ ጨበጥ አድርገው መዳፋቸውን ይከፍታሉ፤ አፈሩ የጣቶቻቸውን ቅርጽ ይዞ ከተለጠፈ «ዛሬ ተወው» ይላሉ፣ በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ግን ቀድመውኝ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ አልሰማ ብያቸው ገብቼ እየዞሩ አፈሩን የሚቆርጡት የሮታቫተሩ ስለቶች በጭቃ ተጠቅልለው እንደ ድፍን በርሜል ዞሩ፤ ስለቶቹን በእንጨት ስፍቅ ዋልሁ። ውሃ የተኛበትን መሬት ለማቡካት ከሆነ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የላስቲክ ጎማውን አውልቀው በብረት ጎማ ይግቡ፣ በብረት ጎማው ግን አስፋልት ላይ አይውጡ።

3. የናፍጣውን ደብዳቤ ክረምት ሳይገባ ይጨርሱ። ማደያዎቹ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ በጀሪካን አልቀዳ ብለውኝ ደብዳቤውን ፍለጋ ወደ አንድ ቢሮ ሄድሁ። የተቀበለኝ ባለሙያ የማሽኑን ፎቶ አይቶ «ትራክተር ማለት አራት ጎማ ያለው ነው፤ ይህ ሞተር ነው፤ ለሞተር ደብዳቤ አንጽፍም» አለኝ። ደረሰኙን አሳየሁት፤ ደረሰኙ ላይ በግልጽ ትራክተር ተብሎ ተጽፏል። ሳያነበው መለሰልኝ። 4 ቀን ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን አባቴ አብረውኝ መጥተው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ አንድ ሰው እንኳ «ይቀመጡ» አላላቸውም፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ገበሬ ሩዝ ሲያመርት ይመሰገናል፣ ናፍጣ ሲጠይቅ ግን እንደ ሕገ ወጥ ነጋዴ ይታያል። በመጨረሻ የሠራልኝ ከቀበሌው የተጻፈ ማስረጃ ነው፤ የሞተሩ ቁጥርና የመሬቱ ስፋት ሰፍሮበት ነበር። እርስዎም እሱን አስቀድመው ይያዙ፣ ቅጂውንም ቤትዎ ያስቀምጡ።

የቀሩትን በአጭሩ ልበል። ሮታቫተሩ እየዞረ ወደ ኋላ አይሂዱ፤ ስለቱ ወደ እግርዎ ነው የሚመጣው። ሞተሩ በውሃ ትነት የሚቀዘቅዝ ዓይነት ከሆነ ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ስትሰምጥ ውሃ ይጨምሩ። በሐይቁ ዳር ከሆኑ የደረቀ እምቦጭ በስለቱ ላይ ስለሚጠመጠም ማሳውን አስቀድመው ያስጠርጉ።

በሬዎቹን በተመለከተ ምክሬ አይሽጡ የሚል ነው፤ ቢያንስ አንድ ክረምት በማሽኑ እስኪያርሱ ይቆዩ። እኛ ሁለቱን በሬዎች ግንቦት ላይ ሸጠን በግዢው ላይ ጨምረናቸው ነበር። ማሽኑ ቦይ ውስጥ ሲገባ የአገሩ በሬ ሁሉ በራሱ ባለቤት ሥራ ተጠምዷል። መለዋወጫው መጥቶ ማሽኑ እስኪጠገን 23 ቀን ቆየን፣ ለጥገናው 11,400 ብር ከፈልሁ፣ ዘራችንም ስለዘገየ ቡቃያው ሳይጠነክር ማሳው ላይ ውሃ ተኛበት። አባቴ በቃል አልወቀሱኝም። አንድ ጠዋት ግን ከግድግዳው ላይ ቀንበሩን አውርደው አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለጎረቤት ሲያውሱት አየሁ፤ ከወቀሳም በላይ ጠለቀብኝ።

ዛሬ ያንን ቁልቁለት በየዓመቱ እወርደዋለሁ፣ የእኛን ከጨረስሁ በኋላም ለሦስት ጎረቤቶቻችን አርሳለሁ፤ ትልሜን አይቶ ጠማማ ነው ያለኝ የለም። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከሩዙ ሽያጭ አንድ በሬ መልሰን ገዛን። ከጎረቤታችን በሬ ጋር በመቀናጆ እየተጠመደ ማሽኑ የማይገባበትን የማሳውን ጥግ አባቴ በእሱ ያርሱታል።