ጠብ በደም ይተላለፋል?

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ተደባዳቢ ነበር። እናቴን ይመታት ነበር፤ እኛንም አልማረንም። መጨረሻ ላይ ሰው ጎድቶ ታሰረ። እኔ እጄን ሰው ላይ አንስቼ አላውቅም። ስናደድ ግን ድምፄ ቁርጥ የእሱ ነው ትለኛለች እህቴ። አሁን ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ፅንሱ ወንድ ነው አሉን። ሰሞኑን «የጦረኛ ጂን» ስለሚባል ነገር አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። ልመርመር? ለልጄስ ይተላለፋል?
የአባቱ ልጅ

መልስ

ወንድሜ፣ እንቅልፍ ከነሳህ ነገር ልጀምር። የዚያ ጂን ስም ኤምኤኦኤ ነው። እንደ ሴሮቶኒን ያሉ የአንጎል ኬሚካሎችን የሚያፈርስ ኤንዛይም (ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) የሚሠራው በእሱ መመሪያ ነው። ያለው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ጂኖችን በሚሸከም ክር ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክስን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፤ አባቱ የሚሰጠው ዋይ የሚባለውን ክሮሞዞም ነው። ስለዚህ ያንን ጂን ከአባትህ አልወረስክም፣ ለልጅህም አታወርሰውም። ያነበብከው ጽሑፍ ይህን መዝለሉ ያናድዳል።

በ1993 የዘረመል ተመራማሪው ሃንስ ብሩነርና ባልደረቦቹ ስለ አንድ ሆላንዳዊ ቤተሰብ ጽፈዋል። ጂኑ ጭራሽ የማይሠራላቸው የቤቱ ወንዶች ቶሎ ይገነፍሉ ነበር። ይህ ግን እጅግ ብርቅ ነው። «ጦረኛ» የሚሉት ሌላ ነው፤ ሥራው ደከም ያለው ዓይነት። እሱ ዝንብ የማይነኩ ብዙ ሚሊዮን ወንዶችም አላቸው። በ2002 የወጣ የኒውዚላንድ ጥናት ይህ ዓይነት ጂን ኖሯቸው በልጅነታቸው የተበደሉ ወንዶች ይበልጥ ወደ ጠብ እንደሚያዘነብሉ አሳየ። ጂኑ ኖሯቸው ሳይበደሉ ያደጉት ግን እንደዚያ አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሁሉም አልተስማሙበትም።

ዘር ምንም ድርሻ የለውም አልልህም። የመንትዮች ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የጠበኝነት ልዩነት ግማሽ ያህሉን ከዘር ጋር ያያይዙታል። ያ ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ በሚያዋጡ ብዙ ጂኖች ላይ የተበተነ ነው። አንድ ልጅ ነገ ተደባዳቢ ይሆናል ብሎ የሚነግርህ ምርመራ የለም። ብርህን አታባክን።

እኔን የሚያሳስበኝ ዱላው ነው። ተመትተህ አድገሃል፤ እናትህ ስትመታም አይተሃል። ቁጣ እንዴት እንደሚጮህ የተማርከው እዚያ ቤት ነው፤ እህትህ የምትለውን ቀላል አታድርገው። ከባለቤትህ ጋር ግልጽ አውሩ። ድምፅህ ሲቀየር «በቃ» ትበልህ፤ አንተም ሳትከራከር ከክፍሉ ውጣ። የሥነ ልቦና ባለሙያም አሁኑኑ አነጋግር። ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ የማይናደድ አባት የለም፤ ልምምዱን ከዚያ በፊት ጀምረው።