የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ እያለ አንቲኦክሲደንት ጉበት ያድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ነዎት? እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ አይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ ጠቆረ፣ ሰውነቷን ሌሊት ሌሊት ያሳክካታል። አልትራሳውንድ ስትነሳ የሐሞት ጠጠር ወርዶ ቱቦውን ዘግቶታል ጉበቷም እየተጎዳ ነው አሉንና አዲስ አበባ ሄዳ በኢአርሲፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) እንዲወጣላት ሪፈር ተጻፈላት። እህቴ ደግሞ አንቲኦክሲደንት ጉበት ይጠግናል የሚል ጥናት አንብባ ከዱባይ ቫይታሚን ኢ፣ የእርድ ካፕሱልና ሲሊማሪን (ለጉበት ተብሎ የሚሸጥ የእፅዋት ውጤት) ላከችልን። እማዬ መሳሪያው በጣም አስፈርቷታል፣ መጀመሪያ ይሄን አንድ ሁለት ወር ብትሞክረውስ? (ሰ. ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አንድ ሁለት ወር አትጠብቁ፣ በተቻለ ፍጥነት ውሰጃት።

እህትሽ ያነበበችው ውሸት አይደለም። ጉበት የሚሰራው ሐሞት በቱቦው ወደ አንጀት መውረድ ሲያቅተው እዛው ይጠራቀማል፣ ውስጡ ያለው አሲድ የጉበትን ሴሎች ይጎዳል፣ ማይቶኮንድሪያውን (የሴሉን ኃይል ማመንጫ) ያውክና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሴል የሚጎዱ ቅንጣቶች በብዛት ይፈጠራሉ፣ ሴሉ ራሱን የሚከላከልበት ግሉታታዮንም እያለቀ ይሄዳል፣ ይሄ ሲቆይ ጉበቱ ጠባሳ ያወጣል። አንቲኦክሲደንት ፍሪ ራዲካልን ስለሚያከሽፍ ይሄን ያረግባል የሚለው ሃሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ግን ጥናቶቹ በብዛት የተሰሩት አይጥ ላይ ነው፣ የአይጧን የሐሞት ቱቦ በክር ያስሩና መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ በዛው ሰሞን ይጀምሩላታል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉበቷን አውጥተው ሲያዩት ጠባሳው ቀንሶ ያገኙታል። ቱቦው ግን አሁንም እንደታሰረ ነው! የእናትሽ ጠጠር ደግሞ ሊወጣ የሚችል ጠጠር ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቫይታሚን ኢ በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ሐሞት ያስፈልገዋል፣ ቱቦው ተዘግቶ ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ተራውን ካፕሱል ብትውጠው አብዛኛው ከሰገራ ጋር ነው የሚወጣው። ቫይታሚን ኬም እንደዛው ነው፣ እሱ ሲያንስ ደም ቶሎ አይረጋም፣ ለዚህ ነው ከኢአርሲፒ በፊት የደም መርጋት ምርመራ የሚደረገውና ካስፈለገ ቫይታሚን ኬ በመርፌ የሚሰጠው። በዛ ላይ ቫይታሚን ኢ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የቫይታሚን ኬን ስራ ስለሚያውክ የመድማት አደጋን ይጨምራል፣ እናትሽ ደግሞ ጠጠሩ ሲወጣ ትንሽ መቆረጧ አይቀርም። እርዱም ወጥ ውስጥ ሲገባ ችግር የለውም፣ በካፕሱል ተጠናክሮ ሲወሰድ ግን የሐሞት ከረጢት እንዲኮማተር ያደርጋል፣ ራሱ ጉበት የጎዳባቸው ሰዎችም አሉ። ሲሊማሪንም ቢሆን ጠጠር አያወጣም፣ ቱቦም አይከፍትም።

የእማዬ ፍርሃት ይገባኛል፣ ቁጭ ብለሽ አስረጃት። ኢአርሲፒ ማለት ማደንዘዣ ወይ ማስተኛ ተሰጥቷት ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን አልፎ ሐሞት አንጀት ውስጥ የሚፈስበት ቀዳዳ ጋ ይደርሳል፣ ቀዳዳውን ትንሽ አስፍተው ጠጠሩን ይጎትቱታል፣ እንቢ ካለ ሐሞቱ እንዲፈስ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቀጭን ቱቦ) ያስገባሉ። ሆዷ አይቀደድም። ከችግር ነጻ ነው አልልሽም፣ አንዳንዱን ሰው ቆሽቱ ይቆጣበታል፣ አንዳንዱ ይደማል፣ ግን ተዘግቶ ከመቆየት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሐሞቱ መፍሰስ ሲጀምር ማሳከኩ ይተዋታል፣ አይኗም ቀስ እያለ ይጠራል፣ ጉበት ብዙ ካልቆየበት ራሱን የማደስ አቅሙ ትልቅ ነው። በኋላ ጠጠሩ እንዳይመለስ የሐሞት ከረጢቱ በቀዶ ህክምና ይውጣ ሊሏችሁ ይችላሉ፣ እሱንም አትግፉት።

ተራ እስኪደርሳት ትኩሳት ከመጣባት፣ ብርድ ብርድ ካላትና ካንቀጠቀጣት ወይ ከተቃዠች ኢንፌክሽን ቱቦው ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። ከዱባይ የመጡትን መድኃኒቶች አሁን አትስጫት፣ እቃዎቹን እንዳሉ ይዘሻቸው ሂጂና ለሚሰራላት ሐኪም አሳዪው፣ እስካሁን የወሰደችው ካለም መቼና ስንት እንደሆነ ሳትደብቂ ንገሪው።