መልስ፦ ማይክ እናቱን አገኛት ወይ?
«ማይ ኦውን ፕራይቬት አይዳሆ» የተባለውን ፊልም አይተህ «መሀል ላይ ለምን እንደ ቲያትር ያወራሉ? እናቱንስ አገኛት?» ብለሃል። (ያላያችሁት እዚህ ላይ አቁሙ።)

እንደ ቲያትር የሚያወሩት ቲያትር ስለሆነ ነው። ዳይሬክተሩ ገስ ቫን ሳንት የሼክስፒርን «ሄንሪ አራተኛ» አምጥቶ ከፖርትላንድ ጎዳና ልጆች ጋር ቀላቀለው። ስኮት፣ ማለትም ኪያኑ ሪቭስ፣ የተውኔቱ ልዑል ነው፤ የከንቲባ ልጅ ሆኖ ጎዳና የሚውል። ወፍራሙ ቦብ ደግሞ ፎልስታፍ ነው፤ በተውኔቱ የልዑሉ የመጠጥ ጓደኛ። ውርሱ ሲደርሰው ስኮት ቦብን አላውቅህም ይለዋል። ልዑሉም ፎልስታፍን እንዲሁ ነው የሚክደው። እውነት ለመናገር እነዚያ ትዕይንቶች እኔንም ይጎረብጡኛል።

የስኮት ጓደኛ ማይክ ደግሞ እናቱን አያገኛትም። ዱካዋን ተከትሎ ከአይዳሆ እስከ ሮም ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ ወደ አሜሪካ ተመልሳለች ይሉታል። ማይክ ናርኮሌፕሲ የሚባል የእንቅልፍ በሽታ አለበት። ሲጨንቀው ባለበት ወድቆ ይተኛል፣ ሲነቃ ሌላ ቦታ ነው። እኛም አብረነው ነው የምንነቃው። ፊልሙ የተቆራረጠ የመሰለህ ለዚህ ነው።

ደግመህ ካየኸው እሳት ዳር የሚያወሩትን ልብ በል። ያንን ትዕይንት በአብዛኛው እንደገና የጻፈው ማይክን የተጫወተው ሪቨር ፊኒክስ ራሱ ነው። በዚሁ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1991 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ወስዷል።