የብሔረሰብ ስብጥር መለኪያው ከጦርነት ጋር ለምን አልተያያዘም?
የአገሮችን የብሔረሰብ ክፍልፋይነት አስልተህ ከእርስ በርስ ጦርነት ጋር ግንኙነት ባታገኝም ስሌትህ አልተበላሸም፤ የመረጥከው መለኪያ የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው። የክፍልፋይነት መለኪያ የሚነግርህ በዕጣ የተመረጡ ሁለት ሰዎች ከተለያዩ ቡድኖች የመሆናቸውን ዕድል ነው። ስለዚህ ቡድኖች በበዙ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የእርስ በርስ ጦርነት ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ተመጣጣኝ የሆኑ ጥቂት ትልልቅ ቡድኖች ሲፋጠጡ ነው።

በዋልታነት መለኪያ ሞክረው፤ ይህ ሕዝቡ እኩል በሆኑ ሁለት ቡድኖች ለመከፈል ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል፦

1. የእያንዳንዱን ቡድን ድርሻ በራሱ አባዛ፤ ውጤቱን ከሌላው ሕዝብ ድርሻ ጋር አባዛ።
2. ሁሉንም ደምርና በ4 አባዛ።

እኩል 10 ቡድኖች ካሉ ክፍልፋይነት 0.9፣ ዋልታነት 0.36 ይሆናል። ቡድኖቹ 2 ብቻ ሲሆኑ ክፍልፋይነት ወደ 0.5 ይወርዳል፤ ዋልታነት ግን 1 ይደርሳል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሞንታልቮና ሬይናል ኬሮል እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከእርስ በርስ ጦርነት ጋር ተያይዞ ያገኙት ዋልታነትን ነው።

የመጀመሪያውን መለኪያ ግን አትጣለው። ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ኤስተባን፣ ማዮራልና ሬይ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት፣ ጠቡ በሥልጣንና በማንነት ላይ ሲሆን ዋልታነት ይጎላል፤ እንደ ነዳጅ ባለ ተከፋፋይ ሀብት ላይ ሲሆን ደግሞ ክፍልፋይነት። ለእኔ የዚህ ዘርፍ እጅግ ውብ ግኝት ይህ ነው።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምር፦ የቡድኖቹን ዝርዝር ማን፣ በምን መስፈርት እንዳዘጋጀው ሳታጣራ ውጤትህን አትመን። ሁለት ንዑሳን ቡድኖች በአንድ ስም ሲጠቃለሉ ቁጥሩ ሁሉ ይለወጣል። ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች አስላው።