የሚጣበቁት የፒያኖ ቁልፎችና ነጩ ዱቄት

እህቴ፣ ሐዋሳ ያለው የመዘምራኑ ፒያኖ መሃል ላይ አንዱ ቁልፍ ሲጫን ጎረቤቱን ይዞ እንደሚወርድ፣ የቁልፎቹ ጎን ላይም ነጭ ዱቄት እንዳየሽ ጽፈሻል። «የሐይቁ እርጥበት እንጨቱን አሳብጦት ነው፣ ይሞረድ» ያሉሽን አትስሚ። እኔም አዳማ ላይ እንደዚያ ብዬ ሁለት ሳምንት ባክኛለሁ።

ያበጠው እርሳሱ ነው። የሚጻፍበትን ማለቴ አይደለም። ቁልፉ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ጎኑ ተበስቶ የተቀበረው ክብ ብረት ነው። እንጨት፣ በተለይ ኦክ፣ እያደር አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል። ፒያኖው ተዘግቶ ሲከርምና እርጥበት ሲጨመርበት ትነቱ እርሳሱን ይበላዋል። የሚፈጠረው ነጭ ነገር ከእርሳሱ የሰፋ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ጎን ይወጣና የጎረቤቱን ቁልፍ ይነካል። ሲብስም እንጨቱን ይሰነጥቃል።

ዱቄቱ መርዝ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ይብሳል። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጊው፣ እፍ እንዳትዪበት፣ በደረቁም እንዳትጠርጊው። ጓንትና ደህና ማስክ አድርጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሺው፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥሪው። ሥራው ወጥ ቤት አካባቢ አይሠራም። ሻይም አብሮ አይጠጣም!

ቁልፎቹን ከማውጣትሽ በፊት ከ1 እስከ 88 ቁጥር እንዳላቸው እዪ። ከሌላቸው ጻፊባቸው፣ በዚያኛው እርሳስ።

ትንሽ ብቻ ያበጠውን እኔ በእርጥቡ ጠርጌ እተወዋለሁ። ጎረቤቱን የሚነካው ግን መውጣት አለበት። የመጀመሪያውን በመዶሻ መትቼ ሳወጣ ቁልፉ ለሁለት ተሰነጠቀብኝ፤ በኮላ አጣብቄ አንድ ሌሊት ጨምቄ አሳደርኩት። ከዚያ ወዲህ በሞርሳ ነው። በአንድ በኩል ከእርሳሱ ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ጣውላ፣ በሌላው በኩል ከእርሳሱ የጠበበ አጭር የብረት ዘንግ። ቀስ እያልሽ ስታጠብቂው እርሳሱ ራሱ ወደ ጣውላው ቀዳዳ ይወጣል። ካልወጣ አትታገዪው፤ በዝግታ መሰርሰር ይሻላል፣ ፍርፋሪውን ግን ቶሎ ሰብስቢው።

ቀዳዳውን ጠርገሽ በቫርኒሽ ቀቢው። ሲደርቅ ያንኑ ውፍረት ያለው አዲስ እርሳስ ይገባል። ቶርኖ ቤት ናስ አስቆርጬ ሞክሬ ነበር፤ ናስ ግን ከእርሳስ ሩብ ያህል ስለሚቀል ቁልፉ ሚዛኑን ሳተ። ከባትሪ እርሳስ አቅልጬ ልሥራ እንዳትዪ ደግሞ፣ ጭሱ ከዱቄቱ አይሻልም።

መጨረሻ ላይ የቁልፉ ጫፍ ላይ 50 ግራም ገደማ አስቀምጪና ሲወርድ ከጎረቤቶቹ ጋር አስተያዪው። ስንቱ እንዳበጠ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፤ ከ5 ካልበለጠ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።